ያልተቀመጠ ጥያቄ

«ኧረ በናትሽ አንድ ነገር በይ! ከምኑ እንጀምር? ከጥቅሙ? ከጉዳቱ? ወይስ እኔ ልጀምር?»

አዲሷ ልጅ ጠረጴዛውን እያየች ዝም አለች። ክርክሩ ዓርብ ነው፤ ስልክ ትምህርት ቤት ይከልከል ብለው የሚሟገቱት እነሱ ናቸው። ጥያቄውን የደረደረችው፣ ጓደኞቿ «ራዲዮ» የሚሏት ልጅ አፏ አርፎ አያውቅም። ከሌላ አገር የመጣችው አጣማሪዋ ግን ቋንቋውን አሳምራ እየጻፈች፣ ስትጠየቅ ድንጋይ ትሆናለች።

«ካልተግባባችሁ ነገ ንገሪኝ፤ አጣማሪ እቀይርልሻለሁ» ብለዋታል መምህርቷ ራዲዮን።

ራዲዮ ከጀርባ ማማት አትወድም። ልትቀይራት መሆኑን ፊት ለፊት ልትነግራት ከትምህርት በኋላ አዲሷ ልጅ ቤት ሄደች።

አባትየው ጫማ ሰፊ ናቸው። ክፍሉ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። «ግቢ ልጄ» ብለው በርጩማ ሳቡላት። «ለመሆኑ ስልክ ቢከለከል ተማሪው...»

«ይጠቀማል! አንደኛ፣ ትኩረቱ አይበተንም...»

ክር የሚያቀብላቸው ትንሹ ልጃቸው በሳቅ ፈረሰ። «አባዬ ገና አልጨረሰም እኮ! ሳትሰማ መለሰች!»

አባትየው በዓይናቸው ገሠጹት። «አትቀየሚው ልጄ። እኛ አገር ጥያቄ እንግዳ ነው፤ ሳይቀመጥ አይሸኝም።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺስ? ስልክ ተከልክሎ እናትሽ ብትታመም፣ በምን ትሰሚያለሽ?»

ዝም። መዶሻው የጫማውን ተረከዝ ይመታል፤ ትንሹ ልጅ ክር ይፈታል፤ ማንም አልተጨነቀም። የተጨነቀችው ራዲዮ ብቻ ናት፤ ምላሷን በላት።

«ስልክ እኔ ጋ ባይኖር የትምህርት ቤቱ ቢሮ አለ» አለች ልጅቷ በመጨረሻ። «ደግሞ እንዲህ ያለውን ወሬ ብቻዬን ከስልክ ከማነብ፣ ሰው አጠገቤ ቆሞ ቢነግረኝ ይሻለኛል።»

ራዲዮ አፏን ከፈተች። ተቃራኒዎቹ እንዳያነሱባት ስትፈራው የሰነበተችው ጥያቄ ይኸው ነበር። የመጣችበትን ጉዳይ ዋጥ አድርጋ፣ «ታዲያ ክፍል ውስጥ ለምን አትመልሺልኝም?» አለቻት። ሌላ ጥያቄ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች።

«ልመልስ ስል ሌላ ትጠይቂኛለሽ» አለች አዲሷ ልጅ ቆይታ። «ያልጨረስሽ እየመሰለኝ ነው።»

በማግስቱ መምህርቷ ሁለቱንም አስቆሙ። «እህስ ራዲዮ? ልቀይርልሽ?»

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ወደ ጎን ዞረች። «አንቺ ምን ትያለሽ? ከእኔ ጋር ትቀጥያለሽ?»

ዝምታው ረዘመ። ኋላ ወንበር ላይ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። መምህርቷም፣ «በቃ፣ እንግዲህ...» ብለው ሲጀምሩ ራዲዮ እጇን አወጣች።

«አንዴ ይታገሱ ቲቸር፤ እየመለሰች ነው።»