ማርሹ እስኪገባ

ሰገነት ሦስት ዓመት ሙሉ አሶሳን ያየችው በሽቦ ወንፊት በኩል ነው። ወንድሟ ስለሺ በብረታ ብረት ሥራ ቤቱ ጥግ የእቃ ቤት አጠረና እሷን ከነመፍቻው ከነመሰርሰሪያው አስገባት። ሲወጣ ከውጭ ይቆልፍባታል፤ ሲመለስ መክፈቱን ይረሳል። «እቃ እንዳይጠፋ ነው» ይላል። አልዋሸም፤ እሷንም ከእቃው ቆጥሯት ነው።

እቃ ወደምታቀብልበት ቀዳዳ ከሆሞሻ ወረዳ የመጣው ኦመር ብቅ ይላል። ብረት በሚፍቀው ሚሊንግ ማሽን ላይ የሚሠራው እሱ ነው።

«ሰገነት፣ መፍቻ ስጠኝ።»

«ወንድ አደረግኸኝ ደግሞ!»

«አማርኛ አስቸጋሪ ነው። አንተ ግን ቆንጆ ነህ።»

ትስቃለች። መፍቻውን ሲቀበላት ጣቱ ይዘገያል።

አንድ ቀን ቆጣሪ ተቀይሮ መብራት ሲመለስ ማሽኑ አመል አወጣ። መቁረጫው ብረቱን መብላት ትቶ እያሸ ያጨሰዋል። ኦመር «ፈጥኖ ይሆናል» ብሎ ማርሹን ዝቅ አደረገ። አሁንም ጭስ። መቁረጫ ቢቀይርም ሁለተኛውም ተቃጠለ።

«በቃህ!» አለ ከውጭ የገባው ስለሺ። «ልብስህን ሰብስብና ወደ ሆሞሻህ!»

ሰገነት ወደ ወንፊቱ ተጠጋች። ኦመር ከሄደ ያ ቀዳዳ የመፍቻ ቀዳዳ ብቻ ሊሆን ነው። ዓይኗን መቁረጫው ላይ ተከለች። ጥርሱ ለብረቱ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚዞረው!

«አጥፉት! ሞተሩ ወደ ኋላ እየዞረ ነው። የአባባ ወፍጮ እንዲህ ሲሆን ሁለት ሽቦ አይደል ያቀያየሩለት?»

«አንቺ ደሞ ስለ ማሽን ምን ታውቂያለሽ?» አለ ስለሺ።

«ሦስት ዓመት ሌላ ምን ሳይ ኖርኩ?»

ዋናውን የመብራት መስመር አጠፉ፤ ወደ ሞተሩ ከሚገቡት ሦስት ሽቦዎች ሁለቱን አቀያየሩ። ማሽኑ ሲነሳ የብረቱ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ረገፈ። ስለሺ አንገቱን አከከ።

«በል ቀጥል።»

ኦመር ማሽኑን አጠፋው። «ብቻዬን አልሠራም፣ ጋሼ። ያየ ሰው እዚያ ውስጥ ነው። ይውጣ። ካልወጣ እሄዳለሁ።»

ስለሺ ቁልፉን አውጥቶ ለኦመር ዘረጋለት።

«ለሱ አይደለም» አለች ሰገነት። «ለእኔ!»

እጇን በቀዳዳው አውጥታ ቁልፉን ተቀበለችና ጓጉንቸሩን ራሷ ከፈተች። እግሯ ግን መውጣት ረስቶ ነበር።

ማሽኑ ጋ ደርሳ ኦመር ዝቅ ያደረገውን ማርሽ ወደ ቦታው ልትመልስ እጀታውን ገፋችው። እምቢ አለ። እልህ ያዛትና ደግማ ገፋችው።

«በኃይል አይሆንም» አለ ኦመር። «ጥርስ ከጥርስ እስኪገናኝ፣ ትንሽ በእጅ።»

እሱ እጀታውን ያዘ። እሷ መቁረጫውን የያዘውን የቆመ ዘንግ በእጇ ቀስ አድርጋ አዞረች። ቀጭ አለና ገባ። ሁለቱም እጃቸውን አላነሱም።

«ሽማግሌ ብልክ» አለ በሹክሹክታ፣ «ጋሼ ተመልሶ ይቆልፍብሃል?»

«በምን ቁልፍ?» አለችው።

በሻሿ ጫፍ ቋጥራው ነበር።