የንግሥቲቱ ጸሐፊ

እሑድ ረፋድ ደባርቅ ላይ፣ ጡረተኛው የታሪክ መምህር ሀብተ ሚካኤል ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። ሰውየው ያረጀው የአንድ የአውሮፓ ንጉሥ ሚስትና ዜና መዋዕሏን የጻፈላት የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ታሪክ ወደ አማርኛ ሲመልስ ነው። የከተማው ሰው «የንግሥቲቱ ባል» እያለ ይቀልድበት ነበር።

ኢንስፔክተር ሕሊና ከዳባት ተጠርታ ስትደርስ ሐኪሙ የጠላውን ዋንጫ አሽትቶ ጨርሷል። «የነቀዝ መድኃኒት ነው» አላት። ሟቹ እሷንም ያስተማረ መምህር ነበር።

«ማን ቀዳለት?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ የሟቹ እህት እማሆይ ገበያነሽ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ። «ማታ ሶልያና ተኝታ ሳለ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ፣ ቀምሼ ሰጠሁት። ጠላው ንጹሕ ነበር። እግዜር ጠራው፣ በቃ።»

ሶልያና የሟቹ ልጅ ናት፤ እናቷ ስትሞት እማሆይ አሳደጓት። ጥግ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ታሻለች።

«ትምህርትሽን አቋርጠሽ ስትጽፊለት ኖርሽ። መጽሐፉ አላለቀም?» አለቻት ሕሊና።

«ትናንት አለቀ። ሰኞ ሁለተኛውን ቅጽ እንጀምራለን አለኝ።»

የሰፈሩ ጣት የሚጠቁመው ግን ወደ አስጎብኚው ያርጋል ነበር። በትርጉሙ አግዣለሁና መጽሐፉ ላይ ስሜ ይግባ ብሎ ቅዳሜ ከሟቹ ጋር ተጣልቷል።

«ተጣልተናል፤ አልዋሽዎትም» አለ ያርጋል። «ግን ከሰዓት በኋላ ዳባት ወርጄ አክስቴ ቤት አደርኩ። ደግሞ ጋሼ ቀጂው ሳይቀምስ ውሃም አይጠጡም ነበር! ነገሥታት በምን እንደሚሞቱ ሲያነቡ ነው የኖሩት።»

የሚኒባሱ ሹፌርም የአክስቱ ጎረቤቶችም መሰከሩለት። ሕሊና ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ተመለሰችና ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። ቄስ አሻግሬም አብረዋት መጥተዋል።

«እማሆይ፣ ይቅር ይበሉኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ነጠላው ከአፍዎ አልወረደም። ከሐዘን መስሎኝ ነበር። ለካ ዛሬ ጠዋት ቆርበዋል።»

«በእኔ እጅ ነው የቆረቡት» አሉ ቄሱ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

«የሚቆርብ ሰው ከዋዜማው ጀምሮ እህል ውሃ አይቀምስም። እርስዎ ደግሞ ጠላ ቀምሰው ሥጋ ወደሙ የሚቀበሉ ሰው አይደሉም። ስለዚህ አልቀመሱም፤ ወንድምዎ ደግሞ ቀጂው ሳይቀምስ አይጠጡምና አልቀዱምም። ቀምሻለሁ ያሉት ጠላው ንጹሕ እንዲመስል ነው። ያርጋል ዳባት ነበር። ታዲያ ለማን ብለው ነው ከቁርባን መልስ የዋሹት?»

እማሆይ መሬት ላይ ዘፍ አሉ። «እኔን እሰሪኝ! እኔ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። እሷ መቼ ኖረችና!»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህኛው ግን ሳይጠራ ቢቀር ሕሊና በወደደች ነበር። ምነው ዝም ባልኩ አለች በሆዷ። ያርጋል ግን አላስቻለውም።

«ሳይቀመስ እንዴት ጠጡ?»

«እኔን ቅመሺ ብሎኝ አያውቅም» አለች ሶልያና። «ያቺ ንግሥት ጸሐፊዋን እስኪሞት አልለቀቀችውም። አባባ ይህን እያነበበልኝ ይስቅ ነበር። ገና አራት ቅጽ ይቀር ነበር፣ እማሆይ።»

ከዚያ ለካቴናው እጆቿን ዘረጋች።

«እስር ቤት አያጽፉኝም፣ አይደል?»

ሶልያና ቃሏን በገዛ እጇ የምትጽፍበት ወረቀት በሕሊና ቦርሳ ውስጥ ነበር።