የረቡዕ እሽግ

ልጅቷ የጆሮዋን ላይኛውን ጠርዝ በተበሳች በስድስተኛ ቀኗ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ደሟ ተመርዞ ሞተች። እናትም አባትም ሆና ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ከቀብር መልስ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ኩርምት ብላ ሳለ ነው መርማሪዋ የመጣችው። ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» ይሏታል፤ ስትራመድም ስትጠይቅም አትቸኩልም።

«የት እንደምትበሳ ማን መረጠ?»

«እኔ ነኝ። ሦስት ቤት ዞሬያለሁ። አንዱ ጓንት አያደርግም፣ አንዱ እንደ ሽጉጥ በሚተኩስ ነገር ነው የሚበሳው። ከዚያ የጓደኛዬ ወንድም ዘንድ ሄድን። እጁን ታጠበ፤ የታሸገውን መርፌም ዓይናችን እያየ ከፈተው። ጓደኛዬ ነርስ ስለሆነች አብራን ነበረች።»

«ትኩሳቱስ መቼ ጀመራት?»

«ሰኞ። ጓደኛዬ ‹ጆሮ ሲበሳ ያተኩሳል፣ በጨው ውሃ እጠቢላት፤ ሐኪም ቤት ሄደሽ ወረፋ አትጠብቂ› አለችኝ።» እንባዋ መጣ። «ጥፋቱ የጌጥ ሻጩ ነው። የማይረባ ብረት ሸጠልን።»

«ማነው ያለው?»

«እሷው ናት የነገረችኝ።»

መርማሪዋ የልብስ ሰፊዋን ጆሮ ትኩር ብላ አየች። «ያ ጉትቻስ?»

«ጥንዱ ነው። አንዱ ለሷ፣ አንዱ ለኔ።»

«አንቺን አላመመሽም?»

«ኧረ የለም።»

ማክሰኞ አራቱም መበሻው ክፍል ተሰበሰቡ፤ ጆሮ በሺው፣ እህቱ ነርሷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ እና ከቅዳሜ ጀምሮ እንቅልፍ ያጣው ጌጥ ሻጭ። በሺው የደንበኞቹ የመርፌ እሽግ ከነስማቸው የሚለጠፍበትን መዝገብ ገለጠ።

«እዩት! ጀርሙ እንዲሞት መርፌው በማሽን ሲቀቀል እሽጉ ላይ ያለው ሮዝ ምልክት ይቀየራል። የሷም ተቀይሯል።»

መርማሪዋ መዝገቡን ለልብስ ሰፊዋ አቀበለቻት። «አንቺ የክር ቀለም ትለያለሽ። የሌሎቹ ምልክት ምን ዓይነት ነው?»

«ቡናማ።»

«የእህትሽስ?»

ልብስ ሰፊዋ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። «ጥቁር ነው» አለች ግራ ገብቷት።

«እንግዲህ ቀስ በቀስ እንሂድ። የጉትቻው ጥንድ ይኸው በደህና ጆሮ ላይ አለ፤ ስለዚህ አንተ ጌጥ ሻጭ፣ ትንፋሽህን መልስ። የዚህ ቤት ምልክት ሲቀቀል ቡናማ ይሆናል። ትናንት ደሜን ልለካ ነርሷ ወደምትሠራበት ክሊኒክ ጎራ አልኩ። ደሜም ከፍ ብሏል፤ እሱ የኔ ጣጣ ነው። እዚያ ግን ምልክቱ የሚወጣው ጥቁር ነው። የክሊኒክ እሽግ እዚህ መዝገብ ላይ ምን ይሠራል? ሁለቱም ቤት ገብታ የምትወጣው አንድ ሰው ብቻ ናት።»

የበሺው ትከሻ ወረደ። «ያንን አንዱን ሳልቀቅለው ከተቀቀሉት ጋር ደባልቄው ኖሯል» አለ። «ሰኞ መዝገቡን ሳየው ሮዝ ነው። ለእህቴ ነገርኳት። ‹አንተ ዝም በል፣ እኔ አስተካክለዋለሁ› አለችኝ።»

«ወንድሜ ነው!» አለች ነርሷ። «ቤቱ ሲዘጋ ቆሜ ልይ? ትሞታለች ብዬ መች አሰብኩ?»

«ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» ብሎ ጌጥ ሻጩ አጉረመረመ።

መርማሪዋ እሽጉን በጥፍሯ ከመዝገቡ አላቀቀችና ጀርባውን ገለበጠችው። «ክሊኒኩ የታሸገበትን ቀን ማኅተም ይመታበታል። ቸኩለሽ ጀርባውን ሳታዪ ለጠፍሽው። ልጅቷ የተበሳችው ቅዳሜ ነው፤ ይህ የታሸገው ግን ከአራት ቀን በኋላ፣ ረቡዕ ነው። በመጨረሻ ያያትን ሐኪም ጠየቅሁት። ረቡዕ ብትመጣ ኖሮ ትተርፍ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ጓደኛዋን አየቻት፤ ልክ እንደማታውቃት ሰው።

«ረቡዕ ከሰዓት ደወልኩልሽ። እያቃዣት ነው አልኩሽ። ያኔ እሽጉን ለውጠሽ ጨርሰሽ ነበር?»

ነርሷ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ጨው ውሃ ጨምሪላት አልሽኝ። እኔም ጨመርኩላት። ጓንቱን ጠየቅሁ፣ መርፌውን ጠየቅሁ፣ እጁን መታጠቡን ሳይቀር ቆሜ አየሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቅሽን አንቺን ግን ምንም አልጠየቅሁሽም።»