ግድግዳ ላይ የወጣው ደብዳቤ

«ዛሬ አይመቸኝም፤ ነገ ና» አለችው አምለሰት፣ ቀና ሳትል።

ገላው ዘጠነኛውን «ነገ ና» ተቀብሎ ወጣ። ሲ.ኤም.ሲ ባለው የምርጥ ዘር ድርጅት ኮምፒውተር የሚያስተካክለው እሱ ነው። የሠራተኛው ኢሜይል በሙሉ በተመሰጠረ መስመር እንዲሄድ እስከ ዓርብ መጨረስ ነበረበት። ለአንድ ኮምፒውተር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ግን ማን ሰምቶት! ከሁሉም ያስቸገረችው የመዝገብ ቤቷ አምለሰት ነበረች። በልቡ የሚወዳትም እሷኑ።

«የይለፍ ቃል አለኝ እኮ! ማን ያነብብኛል?» ትለዋለች በሄደ ቁጥር።

«እሱ ለኢሜይል ሳጥንሽ ነው። ደብዳቤው መንገድ ላይ ራቁቱን ነው የሚሄደው።»

«ወይ ሰው ማስፈራራት!» ትስቃለች። ከዚያ ያው «ነገ ና» ነው።

አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሰው ሲሸሸው ይገባዋል። ሐሙስ ማለዳ እንጦጦ ራጉኤልን ተሳልሞ ሲወርድ ሊተዋት ቆረጠ። ያን ቀን ሠራተኛውን ሁሉ ለስብሰባ ጠርቶ ነበር፤ አዳራሹ በር ላይ ጠበቃት።

«አስቸግሬሽ ከሆነ ይቅርታ። ነገ ሌላ ሰው ይመጣልሻል።»

ፊቷ ልውጥ አለ። አልፋው ወደ አዳራሹ ገባች።

ገላው በመስመሩ የሚያልፈውን ደብዳቤ ጠልፎ የሚያነበውን ኮምፒውተሩን ከፕሮጀክተር ጋር አገናኘ። «ሳይመሰጠር የሚላክ ደብዳቤ መንገድ ላይ ይነበባል። እስቲ አንድ ሰው የፈለገውን ይጻፍልኝ።»

«ጉራ!» አለ ፉፋ፣ የሒሳብ ክፍሉ ቀልደኛ።

«እኔ እጽፍለታለሁ» አለች አምለሰት። ከገላው ሳጥን ሌላ የትም እንደማይታይ እርግጠኛ ነበረች። ላፕቶፗን ከፍታ ጻፈች፤ ላከች።

ፊደሎቹ ግድግዳው ላይ ብቅ አሉ።

«ገላው፣ ሌላ ሰው አትላክብኝ። ነገ ና የምልህ፣ ከተስተካከለልኝ በኋላ ምን ብለህ ትመጣለህ ብዬ ነው...»

ሰው ሁሉ ወደ አምለሰት ዞረ።

«ኧረ እልል በሉ!» ብሎ ጮኸ ፉፋ።

ገላው ተስፈንጥሮ ኮቱን ፕሮጀክተሩ ላይ ጣለ። ምን ዋጋ አለው! አምለሰት ፊቷን በሻሿ ሸፍና ወጥታለች።

መዝገብ ቤት አገኛት።

«አዋረድከኝ!»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በዪኝ። እኔ እኮ... የምትሸሺኝ መስሎኝ ነበር።»

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ?»

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ።»

እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ከወንበሯም ተነሣችለት።

«በል አስተካክለው። ከእንግዲህ ማንም እንዳያነብብኝ።»

ሁለት ደቂቃ ፈጀበት። ከዚያ ቢሮው ሄዶ መልሱን ጻፈላት። ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው ሁሉ በሩ ላይ ተሰልፎ «እኔን አስቀድመኝ!» ሲለው ዋለ።

እግዜር ይመስገን፣ በጥር ተጋቡ። ሚዜው ፉፋ እስከ ዛሬ ድረስ ይጨቀጭቃታል።

«አምለሰት፣ በሞቴ! ያን ቀን ምን ብሎ መለሰልሽ?»

«ነገ ና» ትለዋለች፣ ገላውን እያየች።