ግሎዋን የሸጠው ፎቶ

ሄርዲስ ከብራጊ ጋር የተዋወቀችው በሆዷ ጭቃ ላይ ተኝታ ነው።

ወጣት ፈረስ ስትሮጥ አምራ እንድትታይ ካሜራው ዝቅ ማለት አለበት። ቆመው ካነሷት እግሯ ያጥራል፣ ሆዷ ይወርዳል። ሄርዲስም እንደ ልማዷ በአጎቷ በስኩሊ የፈረስ እርባታ ከመሮጫው ዳር ተጋድማ ነበር። አዲሱ አሰልጣኝ አንዲት ዳማ ባዝራ እየጋለበ ከመታጠፊያው ብቅ አለና የዝናቡን ኩሬ ሰንጥቆ አለፈ። ጭቃው በሙሉ ፊቷ ላይ አረፈ።

«ውይ! ይቅርታ!» ብሎ ዘሎ ወረደ። «ድንጋይ መስለሽኝ እኮ ነው!»

«ካሜራ የያዘ ድንጋይ የት አይተህ ታውቃለህ?»

«አያቴ ድንጋይ ውስጥ ስውር ሰዎች ይኖራሉ ትል ነበር። ዛሬ አንዷን ረገጥኩ ማለት ነው!»

ሄርዲስ ሳቋ መጣ፤ ግን ዓይን አፋር ናትና አንገቷን ደፍታ ካሜራዋን መጥረግ ጀመረች።

«ባዝራዋ ማን ትባላለች?» አለች በመጨረሻ።

«ግሎዋ። እኔ ደግሞ ብራጊ። የእኔንም ስም ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት!»

ከዚያ በኋላ ብራጊ ግሎዋን ሲገራ፣ ሄርዲስ ፎቶ ስታነሳት ሁለት ክረምት አለፈ። እሷ ከመድረሷ በፊት ግሎዋ የምትለብሰውን ግላስ አምጥቶ የምትተኛበት ቦታ ላይ ያነጥፍላት ነበር። «ሆድሽን ይበርድሻል» ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። እሷ ደግሞ ደረቅ ዓሣ በቅቤ ይዛለት ትመጣለች። «ተርፎ ነው» ትላለች። ተርፎ አያውቅም፤ ለእሱ ብላ ነው የምትገዛው። ሁለቱም ልባቸው ሞልቶ አፋቸው ተዘግቶ ቀረ።

አንድ ቀን ሁለቱ ግሎዋን ሲቦርሹ ስኩሊ ወደ ጋጣው መጣ።

«ጀርመን ያለ አንድ አርቢ ግሎዋን ሊገዛ ይፈልጋል» አለ። «መጀመሪያ ስትሮጥ የሚያሳይ ጥሩ ፎቶ ላኩልኝ ብሏል። ከወደዳት አሰልጣኟንም አብሮ ይወስዳል። ብራጊ፣ ዕድል በሩን ስታንኳኳ ጫማዬን ላጥልቅ አትበላት!»

ሄርዲስ እጇ ላይ ያለውን ብሩሽ አጥብቃ ያዘች። የሚኖሩባትን ደሴት ለቆ የወጣ ፈረስ ተመልሶ እንዳይገባ ሕግ ይከለክላል። ሰውን የሚከለክል ሕግ የለም። ግን የሄዱትን የሰፈሯን ልጆች ታውቃቸዋለች፤ ለገና መጥተው ይስቃሉ፣ ከዚያ ይሄዳሉ።

ስኩሊ ከወጣ በኋላ ብራጊ ወደ እሷ ዞረ።

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

አትሂድብኝ! ልትል ነበር።

«እኔ... እኔማ ፎቶ አንሺ ነኝ» አለች።

ብራጊ ኮርቻውን አነሳ።

ፎቶውን ያነሱት በማግስቱ፣ ነፋስና ፀሐይ በተቀላቀሉበት ቀን ነው። ግሎዋ ቶልት በሚሉት፣ ጋላቢውን ንቅንቅ በማያደርገው እርምጃ መጣች። ስታልፍ ሄርዲስ ተከታታይ ፎቶ አነሳች። ከሰዓት በኋላ በስኩሊ ወጥ ቤት ውስጥ ኮምፒውተሯን ከፈተች፤ ብራጊ ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ። ትንፋሹ ይሰማታል።

«ይቺ አንገቷን አሳጥራዋለች» ትላለች ሄርዲስ። «ይቺ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላለች፤ የተቆጣች ትመስላለች። ይቺ ጋማዋ ዓይኗን ሸፍኖታል።»

እየጣለች እየጣለች ሁለት ብቻ ቀሩ። በአንደኛው ግሎዋ ከባድና ሰነፍ ትመስላለች፤ ሲነሳ ቅጽበቷ አልፋ ነበር። በሁለተኛው የፊት እግሯ ከፍ ብሎ ታጥፏል፣ የኋላው ከሆዷ ሥር ገብቷል፣ ጋማዋ እንደ እሳት ይነዳል። ሄርዲስ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ፎቶ አንስታ አታውቅም።

ሰነፏን ብትልክ ማንም አይገዛም። ብራጊ አይሄድም። ማንም ሳያውቅ ይቀርላታል!

ጣቷ ሰነፏ ላይ ቆየ። ግን በዝናብ፣ በበረዶ የለፋባትን ፈረስ እንዴት አስቀያሚ ታድርግበት? በአፏ ልትሰጠው ያልቻለችውን ፍቅር በምታውቀው ሥራ ልትሰጠው ወሰነች። ቆንጆዋን አሰፋችና እግሮቿን አንድ በአንድ መረመረች። ኮቴዋን፣ ቁርጭምጭሚቷን፣ ጉልበቷን...

«ይቺን» አለች።

ብራጊ ፎቶውን አይቶ ፊቱ ቀላ።

«በደንብ አይተሻታል?»

«አይቻታለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ምንም አይጎድላትም።»

«የእኔ ፊት ግን...»

«ያንተን ፊት ማን ያያል!» አለች ለመቀለድ ብላ፣ እንባዋ እንዳይቀድማት። «ሰው የሚያየው እግሯን ነው።»

ብራጊ የተመታ ያህል ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«እንግዲያው ላኪያት» አለ።

ላከቻት። ሳምንት ሳይሞላ ግሎዋ ተሸጠች። የሚሄዱበት ቀን ሄርዲስ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሸኘቻቸው። ብራጊ ሻንጣውን ይዞ ፊቷ ቆመ።

«መልካም መንገድ» አለችው።

«ይኸው ነው?»

«ግሎዋን... ጆሮዋ ሥር እከክልኝ።»

አንገቱን ነቀነቀና ሄደ። ሄርዲስ መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሪውን አቅፋ አለቀሰች።

በሦስተኛው መኸር፣ ፈረሶች ከተራራ ወርደው ወደ ትልቁ አጥር በሚሰበሰቡበት ቀን ብራጊ መጣ። አብራው አንዲት ረጅም፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። ፍራውከ ትባላለች፤ ግሎዋን የገዛው አርቢ ልጅ ናት። በጣቷ ላይ ቀለበት አለ። ሄርዲስን ስታይ እየሮጠች መጣች።

«ሄርዲስ አንቺ ነሽ? ፎቶውን ያነሳሽው? ሳሎናችን ውስጥ እኮ ተሰቅሏል! አባቴ እግሯን አይቶ ገዛት። እኔ ግን እሱን ነው ያየሁት።»

«እሱን?»

«ጋላቢ የሚያየው ወደ ፊት አይደል? እሱ ግን ዞሮ ካሜራውን ያያል። አስተያየቱ! እግዜር ያሳይሽ! እንዲህ የሚያይ ሰው አንድ ቀን እኔን ቢያየኝ ብዬ ተመኘሁ። ማንን ነበር የምታየው ስለው ዝም ይለኛል። ወንዶች!» ብላ ሳቀች።

ሄርዲስም አብራ ለመሳቅ ሞከረች። የአጥሩን እንጨት ያዘች።

ፍራውከ ሾርባ ልታመጣ ስትሄድ ብራጊ ብቻውን ቀረበ።

«ደህና ነሽ?»

«ብራጊ... በዚያ ፎቶ ላይ ወዴት ነበር የምታየው?»

ፊቱ ተለወጠ። «ዛሬ ነው የምትጠይቂኝ?»

«አላየሁትም።»

«አትቀልጂብኝ፣ ሄርዲስ! እኔ አጠገብሽ ተቀምጬ ስንት ሰዓት አፈጠጥሽበት!»

«እግሯን ነበር የማየው። እንድትሸጥልህ... እንዲሳካልህ ብዬ። ከዚያ በላይ ቀና ብዬ አላየሁም።»

ብራጊ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ጨመደደው።

«እኔ እኮ አየችው፣ ገባት፣ ገብቷትም ላከችው ብዬ ነው የሄድኩት። ሂድ ያልሽኝ መሰለኝ።»

«በአፍህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«አንቺስ?»

ከአጥሩ ውስጥ ፈረሶቹ እርስ በርስ እየተጋፉ ያሽካካሉ፤ ሰዎች የየራሳቸውን እየፈለጉ ይጯጯኻሉ።

«ትወዳታለህ?» አለች ሄርዲስ።

ብራጊ ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ። «መጀመሪያ አንቺን ለመርሳት ነበር» አለ። «አሁን ግን እውነት ነው። እወዳታለሁ። ልዋሽሽ አልችልም።»

«አትዋሸኝ። ደግ ሴት ናት።»

«ሄርዲስ...»

«በቃ፣ ብራጊ። እየመጣች ነው።»

ፍራውከ ሾርባውን አጥሩ ላይ አስቀምጣ እጆቿን አጨበጨበች። «ለሠርጋችን መጥሪያ አንድ ፎቶ አንሺን! ያንቺ እጅ ዕድል አለው!»

ብራጊ ሊከለክል አፉን ከፈተ። ሄርዲስ ግን ካሜራዋን አነሳች። «ጠጋ በሉ» አለች። አነሳቻቸው። ደገመች።

«አሳዪኝ! የትኛው ይሻላል?» አለች ፍራውከ በትከሻዋ በኩል አንገቷን አስግጋ።

ሄርዲስ ካሜራውን ወደ ደረቷ አስጠግታ ሁለቱንም አየች። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ያየችው ፊቱን ነበር። በአንዱ ብራጊ ፍራውከን እያየ ፈገግ ብሏል። በሌላው ካሜራውን ያያል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ይቺን» አለች፣ የመጀመሪያዋን እያሳየቻት። «እዚህ ላይ አንቺን ነው የሚያየው።»

«ኦ! እንዴት ታምራለች! ሌላኛዋስ?»

«ሌላኛዋ አልሆነችም» አለች ሄርዲስ። «ዓይኑን ጨፍኗል።»

ብራጊ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑን እንዳልጨፈነ ሁለቱም ያውቃሉ። ሄርዲስ እሱ እያያት ሌላኛዋን ፎቶ አጠፋቻት፤ ሾርባውን ተቀብላም፣ ትኩስ ቢሆንም፣ መጠጣት ጀመረች።