የለመደ ጆሮ

መምህር ወልደ አማኑኤል ኮልፌ በሚገኘው ቤታቸው በትራስ ታፍነው ሞተው ተገኙ። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ጠረጴዛው ላይ ባለ የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ተነክሮ ነበር። መርማሪው መቶ አለቃ ገሜዳ ከአስከሬኑ ይልቅ ብርጭቆውን ረዘም ላለ ጊዜ አየ።

ጊዜው 1970 ዓ.ም. ነው፤ ሰው በገዛ ቤቱ የሚያንሾካሹክበት ዘመን። የቀበሌው ዘብ ተከራዩን ሽኩርን እጁን አስሮ በር ላይ አስቀምጦታል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሊወስደው ነው፤ በዚያ ዓመት የተወሰደ ደግሞ ብዙም አይመለስም።

ሽኩርን የከሰሱት የሟች የአርባ ዓመት ጓደኛ አቶ ፈጠነ ናቸው። እንደ እሳቸው ቃል፣ መምህርን ሊጠይቁ ሲመጡ፣ ገና ከአጥሩ ውጭ ሳሉ፣ መምህር «ሽኩር፣ ተው፣ ልቀቀኝ» ሲሉ ጥርት ብሎ ተሰማቸው። ፈርተው ተመለሱ።

የጎረቤቷ የዋጋነሽ ቤት ከመምህር ክፍል የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው።

«ሁለት ሰው ነበር፤» አለች። «አንዱ ያንሾካሹካል። መምህር ያጉተመትማሉ። አንዲት ቃል አልለየሁም። ጥርሳቸውን ሲያወልቁ እንኳን እኔ፣ መልአኩም አይሰማቸው።»

የሟች ባለቤት ወይዘሮ ፀዳለ ገበያ ነበሩ። ገሜዳ፣ መምህር ጥርሳቸውን ማን ፊት እንደሚያወልቁ ጠየቃቸው።

«ተከራይ ከመጣ ጥርሳቸውን እስኪያደርጉ በር ላይ ያስቆሙታል። የሚያወልቁት እኔ ፊት፣ ልጃችን ፊት… ጋሽ ፈጠነ ፊት።»

ልጃቸው ፍቅሬ ከተደበቀበት አስኮ ከተያዘ ሳምንቱ ነው። መምህር መደበቂያውን ለሚስታቸው እንኳ አልነገሩም፤ በጆሮው ያንሾካሾኩለት አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ የነገሯቸው ዛሬ ጠዋት ነው። ማን እንደሆነ ግን አልገለጹም።

ሰዓቱ ሊደርስ ሲል ገሜዳ ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበ።

«ዋጋነሽ ከግድግዳው ሥር ሆና አንድ ቃል አልያዘችም። እርስዎ ከአጥር ውጭ ሁሉን ሰሙ፤» አላቸው ፈጠነን።

«ጥርሱን በኋላ አውልቆት ይሆናል፤» አሉ ፈጠነ።

«ልቀቀኝ እያለ የሚታፈን ሰው? ጥርሳቸውን አውልቀው ያወሩት ከማያፍሩት ሰው ጋር ነው። ልጄን ያስያዝከው አንተ ነህ አሉዎት። እርስዎ እያንሾካሾኩ ለመኑ፤ ዝም አልል ሲሉ አፈኗቸው። ማጉተምተማቸውን አርባ ዓመት ስለለመዱት ለጆሮዎ ጥርት ያለ ንግግር ነው። ውሸቱን ሲፈጥሩ፣ ሌላ ሰው እንደማይሰማው ረሱት።»

ዘቡ ቀና ሳይል የሽኩርን ገመድ ፈታ።

ፈጠነ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። የሚሉትን ማንም አልለየም።

ፀዳለ ከዚያ ቀን በፊት አንተ ብለዋቸው አያውቁም።

«ጮክ በል፤» አሏቸው። «እሳቸው በጆሮህ ያንሾካሾኩልህን ልጄን ለያዙት ሰዎች ጮክ ብለህ አልነበር የነገርካቸው?»