ሁሉም ቢጫ የሆነበት ፎቶ

ሕፃኑ ሰማያዊ ሆነ።

ፌንጣ እጇን ከማውሱ ላይ መንጭቃ አነሳች። ከአንድ ትንፋሽ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ በተከፈተው ፎቶ ውስጥ ያለው ሕፃን ደህና ልጅ ነበር፤ ጉንጩ የቀላ፣ ከንፈሩ የረጠበ። እናቱን ላስተካክል ብላ የቀለም ማስተካከያውን ወደ ሰማያዊ ገፋ ስታደርገው የእናቱ ፊት ወዝ አገኘ፣ ልጁ ግን ደጅ ያደረ መሰለ። ወደ ቢጫ መለሰችው። ልጁ ነፍስ ዘራ፤ እናቱ ቢጫ ሆነች። እንደገና ገፋችው። እናት ዳነች፣ ልጅ በረደው።

«ሁለታችሁም በአንዴ ብታምሩ ምን አለበት?» ብላ ጮኸችባቸውና ተነሳች። ከመስኮቱ እስከ በሩ ተመላለሰች። ተቀመጠች። ደግማ ተነሳች። ፌንጣ ያሏት በከንቱ አይደለም፤ እውነተኛ ስሟን የሚጠራት መምህር ብቻ ነው፣ እሱም ሲቆጣ። ቤት ውስጥ አንድ ቦታ ረግታ የምትገኘው ስትተኛ ነው፤ ያኔም፣ አክስቷ እንደምትለው፣ ብርድ ልብሱን ስትራገጥ ታድራለች።

ነገሩ ቀላል ነበር የተባለው። ታናሽ ወንድሟ ድብልብል ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብቷል። መምህርቱ ነገ ሁላችሁም የቤተሰባችሁን ፎቶ ይዛችሁ ኑ፣ ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን ብላለች። ድብልብል ከእናቱ ጋር የተነሳው ፎቶ ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ገና የጥቂት ወር ልጅ ሳለ ጎረቤት በስልክ ያነሳው። ፎቶ ከተባለ! ማታ በቢጫ አምፖል ስለተነሳ አባት፣ አክስት፣ እናት፣ ሕፃን፣ ግድግዳው ሳይቀር እርድ ውስጥ ተነክሮ የወጣ ይመስላል። ጥግ ላይ ያለችው ጭስ የመሰለች ነገር ፌንጣ ናት፤ «አትንቀሳቀሺ» ሲሏት ተንቀሳቅሳ። ድብልብል ፎቶውን አይቶ «ልጆቹ ይስቁብኛል» ብሎ ሊያለቅስ ሲል፣ እህቱ ደረቷን ነፍታ «አርፈህ ተቀመጥ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» አለች። የትምህርት ቤቱ የፎቶ ክበብ አባል ናት። የክበቡን ላፕቶፕ ለአንድ ቀን ለምና አምጥታለች፤ ጠዋት ስትመልስ እዚያው ታትመዋለች። አፍ ሲኮራ ጣጣው ለእጅ ነው።

ክበቡ ውስጥ የተማሩት ይህን ነው፤ ቀለም ሁሉ ባላንጣ አለው። ቀለሞች በክብ ሲደረደሩ ፊት ለፊት የሚተያዩት አይስማሙም፣ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ቢጫ ሲበዛ ሰማያዊ ይጨመርበታል፤ አረንጓዴ ሲያስቸግር ደማቅ ሮዝ ይላክበታል። ምን ያህል የሚለው ግን በግምት አይሆንም። ፎቶው ውስጥ በእርግጥ ነጭ የሆነ ነገር ፈልጎ፣ ያችን ጠብታ መምጠጫ የመሰለች ምልክት እላዩ ላይ ጠቅ ማድረግ ነው። ፕሮግራሙ «ለካ ነጩ ይሄ ነው» ይልና ሌላውን ሁሉ በዚያ ያርማል።

ፌንጣ ሕፃኑ የተጠቀለለበትን ፎጣ ጠቅ አደረገች። ነጭ መሆኑን ታውቃለች፤ ዛሬም ቤት ውስጥ አለ፣ ወለል መወልወያ ሆኗል።

ሁሉም በአንዴ ከዚያ እርድ ውስጥ ወጣ። የአባቷ ሸሚዝ ለካ ቡኒ ሳይሆን ግራጫ ነበር። የአክስቷ ሻሽ አረንጓዴ ሆኖ ብቅ አለ። የድብልብል ጉንጭ ቀላ። ሁሉም ወደየመልኩ ተመለሰ፣ ከእናቷ በስተቀር።

ስልኳን አንስታ ጓደኛዋ ጋ ደወለች። ጓደኛዋ ክበቡ ውስጥ «ፕሮፌሰር» ትባላለች፤ ብዙ ስለምታውቅ ሳይሆን «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፏ ስለማይወጣ።

«እናቴ አልስተካከል አለች» አለቻት ፌንጣ።

«ማለት?»

«ሁሉም ተስተካክሏል፣ እሷ ብቻ ቢጫ ናት።»

«አምፖሉ ከሷ በላይ ይሆናላ! በጣም ቀላል ነው፣ ማስክ ሥሪላት። እሷን ብቻ በብሩሽ ቀቢያትና እዚያ ላይ ብቻ ሰማያዊ ጨምሪ። ሌላው አይነካም። አታካብጂ።»

«አምፖሉ ከአባዬ በላይ ነው። ግንባሩ ላይ ሲያበራ ይታያል።»

«እና ምን ይጠበስ? ፎቶ እኮ ነው፣ ማትሪክ አይደለም። ቀባ ቀባ አርጊውና ፈታ በይ። ላፕቶፑን ደግሞ ነገ ጠዋት ሳትመልሺ ብትቀሪ መምህሩ እኔን ነው ጥሬዬን የሚበላኝ፣ ሰምተሻል?»

ፌንጣ ስልኩን ዘግታ ፎቶውን አጎላችው። የእናቷ እጅ ፎጣው ላይ አርፏል። ፎጣው ነጭ ነው፤ እጇ ቢጫ ነው። እዚያው አጠገቧ የሕፃኑ እግር ሾልኮ ወጥቷል፤ እሱ ቀይ ነው። ጎን ለጎን፣ በአንድ መብራት ሥር። መብራት ደግሞ እከሌ ከእከሌ ብሎ ሰው አይመርጥም። ወደ ፊቷ ሄደችና ዓይኖቿን አጎላቻቸው። ነጭ መሆን የነበረበት ቦታ ነጭ አልነበረም። እንደ ሎሚ ልጣጭ ቢጫ ነበር።



ፎቶው የተነሳው እናቷ ከመሞቷ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። ቤት ውስጥ የሚነገረው ደግሞ ሌላ ነው። «ድንገት ነው። ደህና ነበረች፣ ድንገት ነው።» አባቷ እንዲህ ይላል፤ አክስቷ እንዲህ ትላለች፤ ሊያጽናና የመጣ ሁሉ ይህንኑ ተቀብሎ፣ ከንፈሩን መጦ ሄዷል። ፌንጣ ግን ያ «ድንገት» የሚሉት ነገር ማን እንደሆነ ታውቃለች። ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። እሷ ራሷ ናት።

ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ዕቃ እጠቢ ስትባል አኩርፋ ወጣችና ጎረቤት ካለው ፎቅ ደረጃ ሥር ተደበቀች። ዝናብ መጣ። እናቷ ያለ ጃንጥላ፣ በነጠላ ጫማ፣ ስሟን እየጠራች ሰፈሩን ዞረች። ፌንጣ ድምፅዋን ሰምታለች። እየሰማች ዝም አለች፤ ትንሽ ትፈልገኝ ብላ። እናቷ በስብሳ ገባች፣ ሌሊቱን ስትንቀጠቀጥ አደረች፣ በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰዷት። በዚያው ቀረች። ልጅቷ ይህን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ቁጭ ስትል ግን ያ ጥሪ ይሰማታል፤ ስለዚህ ቁጭ አትልም።

ፕሮፌሰር ያለቻትን ማስክ ሠራች። የእናቷን ፊት ቀባች፣ አንገቱን ቀባች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቀባች፣ የዓይኖቹን ነጭ አጠበች። እናቷ ዳነች። ማስኩ አጠገብ ዓይን የመሰለች ምልክት አለች፤ ስትጫኗት ማስኩ ይደበቃል፣ ስትደግሟት ይመለሳል። ጠቅ፣ ታመመች። ጠቅ፣ ዳነች። ጠቅ፣ ታመመች።

«አለቀ ወይስ አላለቀም?» አለች አክስቷ፣ ከደጅ ያወረደችውን የታጠበ ልብስ አቅፋ እየገባች። የአባቷ እህት ናት። ድብልብል የተወለደ ሰሞን «ለጥቂት ቀን ነው» ብላ መጥታ በዚያው የቀረች። «እነዚያ ሰዎች፣ አባትሽና ድብልብል፣ ፀጉር ቤት ከሄዱ ቆዩ። ፀጉር ቆራጩ የልጁን ጭንቅላት አብሮ እየቆረጠው ነው መሰለኝ።»

«አክስቴ፣ ነይ እዪ።»

«እኔና ይሄ ዕቃሽ አንስማማም፣ ዓይኔን ያጠፋዋል» አለች፣ ግን መጣች። «እሰይ! ሻሼን ተመልከቺልኝ! አረንጓዴው እኮ ነው! አባትሽ በካውያ ያቃጠለው፤ እስከ ዛሬ ይክዳል። እሱንም እዪው፣ ያኔ ሆድ የሚባል አልነበረውም። ደግሞ ይሄን ድብልብል...»

እዚህ ላይ ዓይኗ ወደ ሕፃኑ እናት ተሻገረ። ያቀፈችውን ልብስ ወደ ደረቷ አጠበቀች።

«ይሄን ማን አደረገው?» አለች።

«ማንም አላደረገውም። እንደዚያ ናት።»

«መልሺው።»

«ምኑን?»

«ቢጫውን ነዋ! እንደነበርነው ሁላችንንም ቢጫ አድርጊን። ሁላችን ቢጫ ስንሆን ምን ጎደለብን? ደህና አልነበርንም?»

«ታማ ነበር አይደል?»

«አንቺ ልጅ፣ ፎቶ አስውቢ ተባልሽ እንጂ ሰው መርምሪ ተባልሽ?»

«አክስቴ።»

አክስቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልብሱን ጭኗ ላይ አድርጋ አንዱን ካልሲ ማጠፍ ጀመረች። ካልሲ እንዲህ በጥንቃቄ ታጥፎ አያውቅም።

«ጉበቷ ነው» አለች። «የወፍ በሽታ ነው፣ ያልፋል ስንል ሥር ሰዶ ኖሯል። ሐኪሙ ከነገራቸው ቆይቷል። አባትሽ ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር። እሷም ታውቅ ነበር።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ሰባት ዓመትሽ ነበር! ለሰባት ዓመት ልጅ ምን ተብሎ ይነገራል? እሷው ናት አትንገሩብኝ፣ ልጅነቷን ትጫወትበት ያለችው። ስትሞት ጊዜ ድንገት ነው አልን። አንዴ ካልነው በኋላ ደግሞ ማን ያንሳው? አባትሽ የጀመረውን አባትሽ ይጨርሰው ብዬ ተውኩት። እሱ ደግሞ ቧንቧ እንጂ ነገር መክፈት አያውቅም።»

አባቷ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ፌንጣ ትስቅ ነበር።

«ዝናቡስ?» አለች።

«የምን ዝናብ?»

«እኔን ስትፈልግ የመታት ዝናብ ነዋ። ተደብቄ... በስብሳ ገባች እኮ። በማግስቱ ነው ሐኪም ቤት የሄደችው።»

«በማግስቱ የሄደችው ቀጠሮዋ ስለነበር ነው! ቦርሳዋን ያዘጋጀሁት እኔ አይደለሁ እንዴ? ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ተቆርጦ ያደረ ቀጠሮ። ዝናብ...» አክስቷ ግንባሯን ቋጠረች። «ያን ቀን ዝናብ ዘንቦ ነበር እንዴ?»

ፌንጣ ይህን ሁሉ ዓመት በራሷ ላይ ስታዘንበው የኖረችውን ዝናብ አክስቷ መዝነቡን እንኳ አታስታውስም! ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስ አላላትም። ተናደደች፤ ልብሱን ሁሉ ቀምታ በመስኮት መወርወር አማራት። ወደ በሩ ሄደች፣ እጀታውን ያዘች፣ ለቀቀችው፣ ተመለሰች።

ነገሩ ለአክስቷ ቀስ ብሎ ገባት።

«ይሄን ሁሉ ዘመን?» አለች፣ ድምፅዋ ወርዶ። «አንቺ ጉድ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ይሄን ተሸክመሽ? ምነው ሳትናገሪ?»

«እናንተስ?» አለች ፌንጣ።

አክስቷ እጇን ዘርግታ የልጅቷን እጅ ያዘች፤ የአክስቷ እጅ በልብሱ እርጥበት ቀዝቅዞ ነበር። ፌንጣ አልነጠቀቻትም።

ያኔ በሩ ተበረገደ። ድብልብል ጭንቅላቱ እንደ ተላጠ ድንች ሆኖ ሮጦ ገባ። አባቱ ከኋላው ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን መፍታት ጀመረ።

«አለቀ? አለቀ? አሳዪኝ!»

«ቆይ፣ አንድ ደቂቃ» አለችው።

ጣቷ ማውሱ ላይ ነው። ዓይን የመሰለችውን ምልክት ብትጫናት እናታቸው ትድናለች፤ ልጁ ይፈነድቃል፤ ነገ ግድግዳ ላይ ከሁሉም እናቶች እኩል አምራ ትሰቀላለች። አንድ ቀን ደግሞ ይሄው ልጅ ጠብታ መምጠጫዋን አንስቶ ፎጣውን ጠቅ ያደርጋል፣ ወይም አያደርግም። ወይም እንደ እሷ የራሱን ዝናብ ፈልጎ ራሱን ይወቅሳል። ማስኩን መረጠችና አጥፊ የሚለውን ነካች። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ነሽ ወይ ሲላት፣ አዎ አለችው።

ድብልብል ጭኗ ላይ ወጥቶ አፍንጫውን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ።

«ይሄ እኔ ነኝ? እንዴ፣ አንገት የለኝም!»

«አሁንም የለህም።»

«አባዬ ቀጭን ነው! ኸረ እዩት!» ሳቀ። ከዚያ ትንሿ ጣቱ ስክሪኑን ነካች። «እማዬ ለምንድን ነው ቢጫ የሆነችው?»

ደጃፉ ላይ አባታቸው አንዱን ጫማ አውልቆ፣ ሌላኛውን እንደያዘ ቀረ።

«መብራቱ ነው፣ የኔ ጌታ፣ የዚያ ዘመን መብራት...» ብላ ጀመረች አክስቷ። ልማድ ነው፤ አፏ ከእሷ ቀድሞ ነው የወጣው።

«መብራቱ አይደለም» አለች ፌንጣ።

አልጮኸችም። ወንድሟን ሳይሆን አባቷን እያየች ነው ያለችው። አባቷ ፎቶውን አየ። እህቱን አየ፤ እህቱ ወደ ካልሲዎቿ ዞረች። ጫማውን አስቀመጠው፣ መልሶ አነሳው።

«ይሄ እንኳ... ነገ በሰፊው...» አለ። «አሁን ደክሞኛል፣ ልጆች። ነገ።»

«ነገማ ለልጆቹ ማሳየት አለብኝ» አለ ድብልብል። «ከጠየቁኝ ምን ልበል?»

ፌንጣ በአንድ እጇ ወንድሟን ደግፋ፣ አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር በእግሯ ወደ አባቷ ገፋ አደረገችው።

«ና አባዬ» አለችው። «ቁጭ በል። እኔም ልስማ።»